ቀለም የተነከረ ሱፍ በእንዝርት መፍተል፦ የባሕር ዳር ፈታዮች ጥያቄና የቀረቡላቸው መልሶች

ይህ ጽሑፍ ሱፍ ስለ ማቅለምና ስለ መፍተል በጽሑፍ የተደረገ አንድ ውይይትን፣ ማለትም አንድ ጥያቄንና የተሰጡትን 25 መልሶች ይቃኛል። የመነሻውን ጽሑፍ ያቀረቡት በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ከጎረቤቶቻቸውና ከጥቂት ወጣቶች ጋር እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ፣ ቡና እያፈሉ ይፈትላሉ። ሲፈትሉ የኖሩት ጥጥ ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከደብረ ታቦር በኩል የመጣ የበግ ጠጉር አጥበውና ቀለም ነክረው በእንዝርት መፍተል ጀምረዋል። የጠየቁት ሱፍ ቀለም መነከር ያለበት ገና ጠጉር ሳለ ነው ወይስ ተፈትሎ ክር ከሆነ በኋላ የሚለውን ነው። እርሳቸው ጠጉር ሳለ ይነከር ባይ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ቀይና ቢጫ የተነከረውን ጠጉር አንድ ላይ በደጋን እያፍታቱ ሲነድፉት፣ ከቅርብ ሲያዩት ሁለት ከሩቅ ሲያዩት አንድ የሚመስል፣ በድስት ውስጥ በጭራሽ የማይገኝ ቀለም ስለሚወጣ ነው። ሆኖም ቀዩ ጠጉር ተጠቅጥቆና ጠጥሮ አልሳብ እንዳላቸው፣ ቢጫው ግን ምንም እንዳልሆነ ገልጸው፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳቸው በትሕትና ጠይቀዋል።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ብጠቅስም ሁሉንም እኩል አልዘረዝርም፤ አንዳንዱ መልስ ለብዙ ፈታይ የሚጠቅም ዕውቀት የያዘ ሲሆን አንዳንዱ ለአንድ መስመር የሚበቃ ነው።

1ኛውን መልስ የሰጡት የደብረ ታቦር ሰው ጠያቂዋን እትዬ ብለው በአክብሮት ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ በጉና ተራራ ዙሪያ የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) ማሠራት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ተናግረዋል። ጠጉር ሳለ ይነከር በሚለው ሐሳብ ተስማምተው አንድ ነገር ጨምረዋል። ጥቁሩና ቡናማው ጠጉር ቀለም ቢነከርም ስለማያሳይ፣ እርሱን በተፈጥሮ መልኩ መተውና ለማቅለም ነጩን ብቻ መለየት ይገባል።

2ኛው መልስ ከእንስሳት ባለሙያ የመጣ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በፊት ሊነበብ የሚገባው እርሱ ነው። በጎጃም በኩል፣ በባሕር ዳር ገበያም ጭምር በብዛት የሚታየው የዋሸራ በግ ሥጋው እንጂ ጠጉሩ የሚፈለግ አይደለም፤ ጠጉሩ አጭርና ለጥ ያለ በመሆኑ በእንዝርት አይያዝም። ለመፈተል የሚሆን ሱፍ ያለው በደጋው፣ ማለትም በጣና ምሥራቅ የፋርጣ በግ፣ ራቅ ሲልም የመንዝ በግ ነው። የመንዙ በግ ሸካራ ሱፍ በርኖስና ባና ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ደግሞ የአዋሲ ዝርያ ከአገሩ በግ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። ባለሙያው ጽሑፋቸውን በማስጠንቀቂያ ዘግተዋል። በበሽታ ከሞተ በግ የተላጨ ጠጉር ከቶ መገዛት የለበትም፤ አባ ሰንጋ በጠጉርና በቆዳ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል፣ የበሽታው ዘርም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ተራ የሙቅ ውኃ እጥበትም አያጠፋውም። ስለዚህ ጠጉሩ ከጤነኛ በግ መሸለቱን ከሻጩ ማረጋገጥ ከቀለሙም ከፈትሉም ይቀድማል። ይህን ምክር ከተወያዮቹ ብዙዎቹ ሰምተውት የማያውቁት ስለነበር፣ የኋለኞቹ መልሶች ደጋግመው ተመልሰውበታል።

3ኛው መልስ የኪሎ ዋጋ ይጠይቃል፤ ማንም አልመለሰለትም።

የቀዩን ጠጉር መበላሸት ያስረዳው 4ኛው መልስ ነው። የሱፍ ጠጉር ላይ ላዩን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ቆዳ አለው። ሙቀት፣ እርጥበትና እንቅስቃሴ አንድ ላይ ሲገጥሙት ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ አንዴ ከተያያዙም አይላቀቁም። ስለሆነም ሱፍ በሚነከርበት ጊዜ በእንጨት አይማሰልም፣ ከፈላ ውኃ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ አይነከርም፣ ውኃም በኃይል አይወርድበትም። ለብ ባለ ውኃ አርሶ በቀለሙ ውስጥ ማስገባት፣ እሳቱን ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ ሲያበቃም በዚያው በድስቱ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። መልስ ሰጪው ባሕር ዳርን የሚመለከት ጠቃሚ ነጥብ አንሥተዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ለሱፍ ማቅለሚያ ከሚመከረው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ካለው ሙቀት እስከ መፍላት ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከድስቱ ግርጌ ጥቃቅን አረፋ መነሣት ሲጀምር እሳቱን ሊቀንስ ይገባል። እኚሁ ጸሐፊ ለጥጥ ተብሎ በጨው የሚነከረው የገበያ ዱቄት ቀለም ለሱፍ እንደማይስማማና፣ ሱፍ የሚወደው በኮምጣጤ የሚይዘውን የቀለም ዓይነት እንደሆነ አክለዋል።

በ5ኛው መልስ ላይ የውይይቱ ቃና ተለወጠ። ጸሐፊው በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሣ በተቋቋመው በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ በማቅለሚያ ክፍል የሠሩ ሲሆን፣ የጠያቂዋን ሐሳብ ያለ ምንም ማለሳለስ ተቃውመዋል። ጠጉርን በየድስቱ እየነከሩ አንድ ዓይነት ቀለም ማግኘት ዘበት ነው፤ ለአንድ ጋቢ ወይም ለአንድ ባና የሚበቃ ክር በአንድ ጊዜና በአንድ ዕቃ ካልተነከረ ሸማኔው ጨርሶ ሲዘረጋው መስመር መስመር ሆኖ ይታያል ብለዋል። የእርሳቸው ምክር ክሩን ላላ አድርጎ በትልቅ ክብ መጠቅለል፣ እንዳይጠላለፍ በጥቂት ቦታ ሳይጨበጥ ማሰር፣ ከዚያም በአንድ ድስት መንከር ነው። ያለ ሙያው ገብቶ ምክር መስጠት ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን እንዲያባክን ማድረግ ነው ሲሉም ጨምረዋል። ይህ የመጨረሻው አባባላቸው ለእነዚህ ሴቶች አይገባም ነበር፤ ጠያቂዋ ምክር ጠየቁ እንጂ አልሰጡም።

ጠያቂዋ በ6ኛው መልስ የሰጡት ምላሽ የሚያስመሰግን ነው። በመጀመሪያ 4ኛውን መልስ አመስግነው፣ ቀዩን ጠጉር በእርግጥም ከፈላው ቀለም በቀጥታ ወደ ቧንቧ ውኃ ያስገቡት ልጆች እንደነበሩ፣ ቢጫው ግን መብራት ጠፍቶባቸው በምድጃው ላይ እንዳለ እስከ ማግሥቱ ማደሩን ገልጸዋል። ለ5ኛው ጸሐፊ ደግሞ አባቴ ብለው በአክብሮት መልሰዋል። ጠጉሩ በድስት ውስጥ ወጣ ገባ ሆኖ ቢነከር እንኳ በደጋን ሲነደፍ ቀለሙ ስለሚደባለቅ ክሩ አንድ ወጥ ይሆናል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የተነከረውን ሁሉ አስቀድሞ አንድ ላይ ነድፎ ማዘጋጀት ነው። ክር ከሆነ በኋላ ወጣ ገባ የተነከረ ግን መመለሻ የለውም። በዚህ ነጥብ እኔ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ሰውየው ያነሡት ችግር እውነተኛ ነው፤ የሚመጣው ግን ሰው ጥቂት ጥቂቱን እየነከረ ወዲያው ሲፈትል ነው።

ልብ የሚነካው 7ኛው መልስ ነው። የጻፈችው ወጣት ናት፤ የምትጽፈው ግን በጋይንት ደጋ ተወልደው ጥጥም ሱፍም ሲፈትሉ ያረጁ አያቷ አጠገቧ ተቀምጠው የሚነግሯትን ነው። እንደ እማማ አነጋገር፣ ከጥጥ ወደ ሱፍ የሚሻገር ፈታይ መጀመሪያ ማረም ያለበት በሁለቱ እጆቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። የጥጥ ጭረት ከሁለትና ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የደጋ በግ ጠጉር ግን የመሐል ጣትን ያህል ይረዝማል። ጥጥ የለመደ እጅ ባዘቶውን ከአፉ አጠገብ ስለሚቆነጥጥ የአንዱን ጠጉር ሁለት ጫፍ ይዞ ይጎትታል፤ ጠጉሩም አልሳብ ይላል፣ ፈታዩም ሱፉ መጥፎ ነው ይላል። እጅን አንድ ስንዝር ያህል ማራራቅ ብቻ በቂ ነው። ሁለተኛው የጥምዝዙ ልክ ነው። ጥጥ አጭር ስለሆነ ብዙ ጥምዝዝ ካላገኘ ይበጠሳል፤ ሱፍ ግን ረጅምም ተያያዥም ስለሆነ በጥቂት ጥምዝዝ ይጸናል። እንዝርቱን ጭን ላይ አንከባሎ ከለቀቁት በኋላ ክሩን ትንሽ ሲያላሉት በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ጥብቅ ጉንጉን ከሠራ በዝቶበታል ማለት ነው። እንዝርቱን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር መልሶ፣ የወፈረውን ቦታ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ሲሳሳም መልቀቅ ነው። ለወፍራም የሱፍ ክርም የጥጡ ቀላል እንዝርት አይበቃም፤ ዘንጉ ረዘም፣ ክቡ ማክበጃም ከበድ ያለ መሆን ይኖርበታል። ይህን ያህል ጥርት ያለ ትምህርት ከአንድ እናት አፍ በቀጥታ ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው፤ የልጅቱም ትዕግሥት ያስመሰግናታል።

8ኛውና 9ኛው መልሶች ታጥቦና ተነክሮ የደረቀ ሱፍ ቅባቱን ስለሚያጣ እጅ ላይ እንደሚሻክር ያነሣሉ፤ አንደኛው ቅቤ መቀባትን ይመክራል። 10ኛው ቅቤ በጊዜ ብዛት እንደሚበላሽና እንደሚሸት አስታውሶ፣ ጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይት በለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ከመንደፉ በፊት በሱፉ ላይ መርጨት፣ ሥራው ሲያልቅም ክሩን ማጠብ እንደሚሻል ገልጿል።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ቀለም ተገባ። የ11ኛው መልስ ጸሐፊ የገበያውን ዱቄት ትተው በባሕር ዛፍ ቅጠል እንደሚያቀልሙ በዝርዝር ጽፈዋል። ባሕር ዛፍ በሱፍ ላይ ያለ ምንም ማስያዣ (ቀለሙ እንዳይለቅ የሚጨመር ነገር) ይይዛል፤ ከሱፉ ክብደት ያላነሰ ቅጠል ሰዓት ለሚያልፍ ጊዜ በዝግታ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተጠልሎ ሱፉ ሲገባበት እንደ ዛፉ ዓይነት ከቢጫ እስከ ብርቱካንማ ቡናማ ይሰጣል። የዛገ ሚስማር ሲጨመርበት ይጠቁራል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭም ወርቃማ ቀለም ያወጣል፤ እርሱ ግን ሻብ የተባለውን ማስያዣ ይፈልጋል፣ መጠኑም ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም ነው። የሚቀለምበት ድስት ዳግመኛ ወጥ እንዳይሠራበት አጥብቀው አሳስበዋል። 12ኛው እርድን አወድሶ ነበር፤ 13ኛው በቶሎ አረመው። የእርድ ቢጫ ሲታይ ያምራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይለቃል፤ በጣና ዳር ፀሐይ ደግሞ ብዙም አይቆይም። ሂና በአንጻሩ ብርቱካንማ ቡናማ ሰጥቶ ይጸናል። እንሶስላ እጅና እግርን እንደሚያሞቀው ሁሉ ሱፍንም ይይዝ እንደሆነ አንዲት እህት ጠይቀው ነበር፤ ሞክሮ የመለሰ አልተገኘም።

የከረረው ክርክር የተነሣው ከ14ኛው መልስ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ ጥሬውን ጠጉር በእንዶድ እንደሚያጥቡና ወደ ሐይቁ ወርደው እንደሚያለቀልቁ ጻፉ። በእንዶድ ማጠቡ መልካም ነው፤ ሱፍ ለዘብ ያለ ማጠቢያ ይወዳል፣ ለነጭ ልብስ የለመድነው በረኪና ግን ሱፍን አሟሙቶ ይጨርሰዋል፣ ሶዳና የአመድ ውኃም ይጎዱታል። 15ኛው መልስ ግን በቁጣ የተሞላ ነበር። እንዶድ ዓሣ እንደሚገድል የማያውቅ የጣና ልጅ አለ ወይ ሲል፣ ሐይቁ ለመታጠቢያ ገንዳነት እንዳልተፈጠረ አሳስቧል። 16ኛው ጸሐፊ በተቃራኒው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ በዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማረጋገጣቸውን ጠቅሰው፣ እንዲያውም ሐይቁን ይጠቅማል ሊሉ ሞከሩ። 17ኛው መልስ ሁለቱንም አስታረቀ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም ይገድላል፤ የቢልሃርዝያ ተሕዋስም ውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ስለሚገባ፣ በሐይቁ ዳር ቆሞ ሱፍ ማለቅለቅ ለዓሣውም ለአጣቢዋም አደጋ ነው። ከቤት በቧንቧ ውኃ አጥቦ እጣቢውን ከሐይቁና ከወንዝ ርቆ መሬት ላይ መድፋት ይሻላል። ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ 15ኛው ጸሐፊም ያንኑ እውነት ሳይቆጡ ቢያስረዱ ኖሮ ሴትዮዋ ከውይይቱ ባልወጡ ነበር።

18ኛው መልስ ከዚህ ተንደርድሮ ወደ እምቦጭ ሄደ፤ ሐይቁን ከወረረው ከዚህ አረም ክር ይወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ግንዱ ሲደርቅ እንደ ደንገል ሊጎነጎን ቢችልም በእንዝርት የሚፈተል እንዳልሆነ 19ኛው መልሶ፣ ሰዎችን ወደ ጉዳያቸው ጠራ።

20ኛው መልስ ስለ ሙያው ክብር ነው። ጸሐፊው እናታቸው በኩራዝ ብርሃን እስከ እኩለ ሌሊት ፈትለው እንዳሳደጓቸው አስታውሰው፣ የእናቶቻችን መከራ የነበረውን ሥራ ቡና እየጠጡ መዝናኛ ማለት እንደሚያሳምማቸው፣ ፈትል ሸጠው የሚያድሩ ሴቶች ዛሬም በገበያ እያሉ መሆኑንም ገልጸዋል። ይህን ቅሬታ ቀላል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱበት አገር ነው፤ ቁጢት በጣሽ የሚለው ስድብ ለሸማኔው የወጣ ነበር። 21ኛው መልስ ከራሳቸው ከሽምብጧ እናት የመጣ ሲሆን፣ አብረዋቸው ከሚቀመጡት መካከል ሁለቱ በፈትል የሚተዳደሩ መሆናቸውን፣ ወጣቶቹም ጥጡን ከእነርሱ እንደሚገዙና ለማስተማራቸው እንደሚከፍሏቸው አስረድተዋል። መሰብሰቡ ሥራውን የሚያቃልለው ሳይሆን የሚያስከብረው በእንዲህ ያለ አኳኋን ሲያዝ ነው፤ እኔን ያሳመነኝም ክፍያው ነው፤ ባለሙያዋ ዕውቀቷን በነጻ እንድትለግስ አለመጠበቋ።

22ኛው መልስ የገበያ ክር ሱፍ ነው ተብሎ እየተሸጠ አታላይ ስለበዛ መለያውን ያስተምራል። አንድ ጭረት በክብሪት ሲለኮስ ሱፍ በዝግታ ነዶ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ትርፉም በጣት ሲፈጭ ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ያበጃል፤ ጥጥ የወረቀት ጭስ ይሸታል።

ሸማኔው የመጡት በ23ኛው ላይ ነው። ከሁሉ አጭር ጽፈው ከብዙዎቹ በላይ ጠቅመዋል። ላላ ብሎ የተፈተለ ነጠላ የሱፍ ክር ለድር (በሸማው ቁመት ለሚወጠረው ክር) አይሆንም፤ በመምቻው መፋተግ ይሳሳና ይበጠሳል። ድሩን ጥጥ አድርጎ ባለቀለሙን ሱፍ ለማግ (በድሩ መካከል በአግድም ለሚገባው ክር) ማዋል ለጀማሪ የሚበጅ መንገድ ነው። ሱፉን ለድር የሚፈልግ ሰው ሁለት ፈትል አንድ ላይ ይግመድ፤ ሲገምድም እንዝርቱን ከፈተለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ያዙር፣ አለዚያ ጥምዝዙ እየበዛ ክሩ ይጎነጎናል። ስለ ቀለሙ ክርክርም ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። ለእርሳቸው ጠጉር ሳለ የተነከረውም ክር ሆኖ የተነከረውም እኩል ነው፤ የሚፈልጉት ለአንዱ ሥራ የሚበቃው ማግ በሙሉ ተፈትሎ በአንድ ጊዜ እንዲመጣላቸው ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ተሸምኖ ቀሪው ክር ከወር በኋላ ሲመጣ ልዩነቱን የሚሸፍን ብልሃት የላቸውም።

የ5ኛው መልስ ጸሐፊ በ24ኛው ተመልሰው፣ ሸማኔው ካሉት ጋር እንደሚስማሙ፣ ሱፉ በሙሉ አንድ ላይ እስከተነደፈ ድረስም ጠጉር ሳለ መንከሩን እንደማይቃወሙ ጻፉ።

በ25ኛው መልስ ጠያቂዋ የወሰኑትን አሳውቀዋል። ክረምት ሱፍ አይገዙም፤ ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ውጦ እንኳ ለእጅ ደረቅ ስለሚመስል በዝናብ ወራት በኪሎ መግዛት ውኃ መግዛት ነው፣ የታጠበውም ቶሎ አይደርቅም። ጥቅምት ሲገባ ከፋርጣ በኩል ከጤነኛ በግ የተሸለተ ነጭ ሱፍ ያስመጣሉ፣ ለአንድ ባና ማግ የሚበቃውን በሙሉ በባሕር ዛፍና በሽንኩርት ልጣጭ ነክረው አንድ ላይ ይነድፋሉ፣ ከዚያም ተከፋፍለው ይፈትላሉ። ከበድ ያለ እንዝርት የሚያበጅ እንጨት ሠሪ በባሕር ዳር የሚያውቅ ሰው እንዲጠቁማቸው ጠይቀዋል፤ እስካሁን ያገኙት ጥቆማ ከጎንደር ብቻ ነው።